ጠባሳ የመሰከረለት ስም፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ወጣት ጊዜው ደርሶ ተቋሙን በሚለቅበት ዕለት፣ አሳዳጊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ሦስት ነገሮች ነው፤ ስለሚያድርበት ቤት፣ ስለሚሠራው ሥራና ስለ መቋቋሚያው ገንዘብ። እነዚህ ሦስቱ አስፈላጊ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ወጣቱ ከበሩ ወጥቶ ከሰው መካከል እንደ ገባ የሚያጋጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ ከሦስቱ አንዱንም አይመለከትም። የማን ልጅ እንደ ሆነና አገሩ ወዴት እንደ ሆነ ይጠየቃል።

የቤተሰብ ስም ባልተለመደበት በአገራችን ሰው የሚታወቀው በራሱና በአባቱ ስም ነው። ስለዚህ ወላጆቹ ያልታወቁለት ልጅ ዘመድ ብቻ አይደለም የጎደለው፤ የስሙም እኩሌታ ጎድሎታል። ይህን ጉድለት ለመሙላት የማሳደጊያው መሥራች ወይም ወድቆ ያገኘው ሰው ስም በአባት ስም ፈንታ ሲጻፍለት እናያለን። በዚህ ዓይነት ቅጹ ይሞላል፤ የልጁ ልብ ግን ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ይህን ጉዳይ በመመሪያና በደንብ ብቻ ከማየት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ማየቱ ይበልጥ ያስተምራል። ለዚሁም በዘመናዊ ትምህርት ከሠለጠኑት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አንዱ የነበሩት፣ በውጭ ሰዎች ዘንድ ዶክተር ቻርልስ ማርቲን እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ተስማሚ ሆኖ ይገኛል። ስለ ሐኪምነታቸው፣ ስለ ዲፕሎማትነታቸውና ስለ አገር ፍቅራቸው ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው ግን በባዕድ እጅ አድገው ማንነታቸውን ከጎልማሳነት በኋላ ያገኙ ሰው በመሆናቸው ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከመቅደላ አምባ እስከ ፑንጃብ

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለደ። አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ወልደ ማርያም ይባሉ ነበር። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ ፍጻሜው የሚያዘነብልበት፣ ብዙ ቤተሰብ በግድም በውድም ከቀዬው ተነቅሎ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትሎ የሚጓዝበት ዘመን ስለ ነበር፣ ሕፃኑ የመጨረሻው ጦርነት ሲደረግ መቅደላ ላይ ተገኘ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒዬር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ዕቃ ቤቱ ተዘረፈ፤ የብራና መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ተጋዙ፤ አምባው በእሳት ጋየ። በዚያ ግርግር መካከል የሚጠብቀው ሰው ያልነበረ አንድ የሦስት ዓመት ያህል ልጅ የእንግሊዝ መኮንኖች አገኙ። ያ ልጅ ወርቅነህ ነበር። ከተዘረፈው ዕቃ ብዙው ዝርዝሩ ተጽፎ የመጣበት ሥፍራ ተመዝግቦ ሲቀመጥ፣ የዚህ ሕፃን ስም፣ የእናቱና የአባቱም ስም አልተጻፈም። ወደ ኋላ የምንመለስበት ቁም ነገር ይህ ነው።

ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለው መኮንን ሕፃኑን ይዞ ወደ ህንድ አገር ሄደ። ጥቂት ዓመታት አሳድጎት ሞተ። ልጁ ሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ አልባ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ኮሎኔል ማርቲን የተባለው ሌላው መኮንን ኃላፊነቱን ተቀብሎ ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ወጪ መክፈል ጀመረ። ልጁ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ የተጠራው በእነዚሁ በአሳዳጊዎቹ ስም ነው። የሁለት ወታደሮች ቸርነት በስሙ ላይ ተጻፈ፤ የወላጆቹ ስም ግን ከዚያ ላይ አልነበረም።

ያደገው በራዋልፒንዲና በአምሪትሳር በነበሩ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በዙሪያው የሚሰማው በፑንጃብ ምድር የሚነገረው ቋንቋ ሲሆን፣ አማርኛውን ፈጽሞ ረሳው። አንድ ሕፃን በሦስት ዓመቱ የሚናገረውን ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ካጣ ለመርሳት ብዙ ጊዜ እንደማይፈጅበት ዛሬ በውል ይታወቃል። የወላጅ መልክም እንደዚሁ ይጠፋል። ለቻርልስ ማርቲን የቀረለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሳዳጊዎቹ ከሐበሻ አገር፣ ከመቅደላ የመጣ መሆኑን አልደበቁትም። የእንግሊዝ ልጅ ነህ ብለው አላታለሉትም። ይህች አንዲት እውነት ትንሽ ትመስላለች፤ የኋለኛው ሕይወቱ ሁሉ ግን የተንጠለጠለው በእርሷ ላይ ነው።

ሙያ ያለው፣ ዘመድ የሌለው ሰው

ወጣቱ ማርቲን ትምህርቱን በትጋት ቀጥሎ በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በ1874 ዓ.ም. ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። በህንድ መንግሥት ሥር በሐኪምነት ካገለገለ በኋላ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ በግላስጎና በኤዲንበርግ ዕውቀቱን አሻሻለና የሙያ ፈቃዱን ይዞ ተመለሰ። ከዚያም በርማ በምትባለውና ዛሬ ምያንማር በተባለችው አገር የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተመደበ።

እስከዚህ ያለውን ታሪክ አንድ የማሳደጊያ ኃላፊ ቢሰማው ልፋቱ ፍሬ አፈራ ብሎ ደስ ይለዋል። ወድቆ የተገኘ ልጅ ተምሮ፣ ሐኪም ሆኖ፣ ደመወዝና ማዕረግ አግኝቶ ራሱን ችሏል። በየዓመቱ በምናቀርበው ሪፖርት እንዲህ ያለው ሰው ራሳቸውን ከቻሉት መካከል ተቆጥሮ መዝገቡ ይዘጋል። የማርቲን ሕይወት ግን መዝገቡ በዚህ ላይ መዘጋት እንዳልነበረበት ያሳያል።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የኢጣሊያን ሠራዊት ዓድዋ ላይ ድል ነሣ። ወሬው ዓለምን አዳርሶ በርማ ደረሰ። ዶክተር ማርቲን በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት አልፏል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የመጡበት አገር ሲነሣ የሚሰሙት የተሸነፈ ንጉሥንና የተቃጠለ አምባን ታሪክ ነበር። አሁን ግን ያው አገር በራሱ ክንድ ነፃነቱን ያስከበረ ሆኖ በየጋዜጣው ወጣ። ወደ አገራቸው ለመግባት ያላቸውን ምኞት ለዐፄ ምኒልክ በደብዳቤ ገልጠው፣ ከሥራቸው ፈቃድ ተቀብለው ለመሄድ ቆረጡ።

ይህ ሊስተዋል የሚገባው ነጥብ ነው። ሰው የመጣበትን ወገን የሚፈልገው በጉድለቱ ጊዜ ብቻ አይደለም። ያ ወገን በክብር ሲነሣ ከሰማ ፍለጋው ይበረታል። ለልጆች ስለ ትውልድ ቦታቸው ሲነገር ድርቁና ረሃቡ፣ ሞቱና ጦርነቱ ብቻ የሚተረክ ከሆነ ልጁ ያንን ምድር የእኔ ነው ለማለት ያፍራል። ዘር ከልጓም ይስባል ይላል የአገራችን ተረት። እውነት ነው ይስባል፤ ነገር ግን ልጁ ዘሩ ከወዴት መሆኑን የሚያውቅባት አንዲት ክር እንኳ ካልተተወችለት የሚሳበው ወደ የት ነው?

አያት ያወቁት ልጅ

ዶክተር ማርቲን በባሕር ተጉዘው በዘይላ፣ ከዚያም በሐረር በኩል አልፈው በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በከተማይቱ ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ጀመሩ። ሐኪም ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን በመልክ እንደ አገሩ ሰው ሆኖ አማርኛ የማይሰማ፣ በአስተርጓሚ የሚናገር ሐኪም መጣ የሚለው ወሬ በአጭር ጊዜ ተዛመተ። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ መሆኑም አብሮ ተወራ።

ወሬው ከሠላሳ ዓመት በላይ ልጃቸውን ሲያስቡ ከኖሩት ከአያታቸው ጆሮ ደረሰ። አያቲቱ መጥተው፣ የጠፋው የልጅ ልጃቸው በሕፃንነቱ ያገኘው ጠባሳ በሰውነቱ ላይ እንዳለ ተናገሩ። ሐኪሙ ልብሳቸውን ገልጠው ሲታዩ ጠባሳው እንደ ተባለው ከቦታው ተገኘ። ስማቸው ወርቅነህ፣ አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ፣ ትውልዳቸው ጎንደር መሆኑን ያወቁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህን ታሪክ ስናነብ በመገናኘቱ ደስታ ብቻ ልባችን ተነክቶ ማለፍ የለብንም። ጠባሳው ባይኖር ምን ይሆን ነበር? አያቲቱ ያን ያህል ዘመን በሕይወት ባይቆዩስ? ወይም ሐኪሙ የመጡበትን አገር ሳያውቁ አድገው ወደ ሌላ ቢሄዱስ? የአንድ ሰው ስም፣ አባትና አገር በአንዲት አሮጊት ትውስታና በቆዳ ላይ በቀረ ምልክት ላይ ተንጠልጥሎ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በሁለት መስመር ሊጻፍ ይችል የነበረውን ነገር ሥጋ ተሸክሞ አቆየው። መዝገብ ባልሠራው ሥራ ጠባሳ መዝገብ ሆነ።

ሁለት ስም የተሸከመ ሕይወት

ከዚያ በኋላ የሐኪሙ ኑሮ በአንድ ጊዜ አልተቃናም። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ተቀጥረው የሚሠሩ በመሆናቸው አገራቸው ለመቅረት ነፃ አልነበሩም። በ1893 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በሶማሌው መሪ በሰይድ መሐመድ ላይ ሲዘምት በሐኪምነት አብረው ተጓዙ፤ ቆይተውም ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና መጡ፤ ታመው የነበሩትን ዐፄ ምኒልክንም ከተመለከቷቸው ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ለሥራ ወደ በርማ ሄደው፣ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጡረታ ከወጡ በኋላ ኑሯቸውን በአገራቸው አጸኑ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወልደዋል።

አማርኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ ከሀሁ ጀምረው ተማሩ። ይሁን እንጂ የዕለት ማስታወሻቸውን ሲጽፉ የኖሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ሰው ለራሱ ብቻ የሚጽፈውን በየትኛው ቋንቋ እንደሚጽፍ መመልከት ስለ አስተዳደጉ ብዙ ይናገራል። አያታቸው የነገሯቸውን ስም ተቀበሉ፤ አሳዳጊዎቻቸው የሰጧቸውንም አልጣሉም። በአገራቸው ሰው ዘንድ ሐኪም ወርቅነህ፣ በውጭ ሰዎች ዘንድ ዶክተር ማርቲን ሆነው ኖሩ። ኋላም በለንደን የአገራቸው ወኪል በሆኑ ጊዜ ሁለቱን ስሞች አጋጥመው ይጠሩባቸው ነበር። ልጆቻቸውም ማርቲን በሚለው ስም ታውቀዋል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁለትነት እንደ ጉድለት ይቆጥረው ይሆናል። እውነተኛ ማንነቱን ያገኘ ሰው የቀድሞውን ስሙን እንደ አሮጌ ልብስ አውልቆ መጣል አለበት ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ወላጅ የሰጠው ስም የዘር እውነት ነው፤ አሳዳጊ የሰጠው ስም የአስተዳደግ እውነት ነው። አንዱን ለመያዝ ሌላውን እንዲክድ የተገደደ ሰው ከሁለቱ አንዱን ዕድሜውን ማጣቱ አይቀርም። እኒህ ሰው ሁለቱንም ስለ ተሸከሙ የእንግሊዝን ሰው በእንግሊዝ አነጋገር፣ የኢትዮጵያን ሰው በኢትዮጵያ ወግ ለመቅረብ ቻሉ።

ሌላው የመቅደላ ልጅ

ይህ መልካም ፍጻሜ ዕጣ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት፣ በዚያው በ1860 ዓ.ም. ከዚያው አምባ የተወሰደውን ሌላ ልጅ ማስታወስ ይጠቅማል። ይኸውም የዐፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። አባቱ ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እናቱ በጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ፤ እርሱም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ።

ዓለማየሁ ከወርቅነህ የተለየ ዕድል ነበረው። ስሙን ማንም አልነጠቀውም፤ የማን ልጅ መሆኑን ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው ያስቡለት ነበር። መጀመሪያ አማርኛ በሚያውቀው በካፒቴን ስፒዲ ዘንድ ተቀመጠ፤ የሚወደውም እርሱን ነበር። ኋላ ግን ስለ ትምህርቱ ሲባል ከስፒዲ ተለይቶ ለሌሎች አሳዳጊዎች ተሰጠ። ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው፣ በመጨረሻም ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ተዛወረ። ትምህርቱም ኑሮውም አልሆነለትም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። የተቀበረው በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. አፅሙ እንዲመለስ ጠይቋል፤ በ2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አፅሙን ማንሣት በዚያ የተቀበሩትን የሌሎችን ዕረፍት ያውካል በማለት ጥያቄውን አልተቀበለም።

ሁለቱን ስናነጻጽር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ዓለማየሁ ስም ነበረው፤ ነገር ግን የሚሠራበት ሙያም፣ ወደ ወገኑ የሚመለስበት መንገድም አልተሰጠውም። ወርቅነህ ስም አልነበረውም፤ ነገር ግን ሙያ ነበረው፣ ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር፣ ሲመለስም የሚቀበለው ዘመድ አገኘ። ስለዚህ ስምን ማወቅ ብቻውን፣ ሙያም ብቻውን አያድንም። ከማሳደጊያ የሚወጣ ወጣት እንዲጸና የሚያስፈልገው ሦስቱ ተባብረው ሲገኙ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት እውነት፣ ለሰው የሚጠቅምበት ሙያ፣ መጣህን ብሎ የሚቀበለው ወገን።

ያገኙትን ለሌሎች ሲያካፍሉ

ሐኪም ወርቅነህ በአገራቸው ከረጉ በኋላ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። የውጭ አገር ሰዎችን ጉዳይ በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተቀመጡ። የፍል ውሃን መታጠቢያ ቤት በማሻሻል ደከሙ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው፣ እግረ መንገዳቸውን ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው ባለሙያ የሆኑት ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ዋና ከተማዋን አሰበ ተፈሪን በማልማት ምሳሌ የምትሆን ግዛት ለማድረግ ጣሩ።

ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው አንዱ ሥራቸው ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና፣ በዚያው ዓመት ባሮች ነፃ የሚወጡበትን ደንብ ባወጀች ጊዜ አንድ አዲስ ችግር ተፈጠረ። ነፃ የወጡት ሰዎችና ልጆቻቸው ወዴት ይሂዱ? ብዙዎቹ ከሩቅ አገር በልጅነታቸው የተወሰዱ፣ ስማቸው በጌታ ፈቃድ የተለወጠ፣ ወላጅና ቋንቋ የጠፋባቸው ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ የእነዚህን ነገር ዋና ሥራቸው አድርገው ያዙ። ከመሰሎቻቸው ጋር ሆነው የፍቅርና አገልግሎት ማኅበርን አቋቁመው፣ ነፃ ለወጡት ሰዎች ልጆች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረጉ። ልጆቹ ከፊደል ጋር የእጅ ሥራ እንዲማሩ ተደረገ።

ለምን ይህን ሥራ መረጡ? መልሱን ከሕይወታቸው ማንበብ ይቻላል። ስምን በሌላ ሰው ፈቃድ መቀበል፣ ቋንቋን መርሳት፣ የእናትን መልክ ማጣት ምን እንደ ሆነ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የእርሳቸው ዕጣ ከባሮቹ ዕጣ እጅግ የተሻለ ነበር፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። ነፃ ነህ የሚል ወረቀት ሰጥቶ ማሰናበት ብቻውን ነፃነት እንዳልሆነ፣ ያለ ሙያና ያለ ወገን የተሰናበተ ሰው ተመልሶ ከቀድሞ ጌታው ደጅ እንደሚቆም ገብቷቸዋል። ዛሬ በማሳደጊያ ሥራ ከድጋፍ በኋላ ክትትል የምንለውን እርሳቸው ያኔ በተግባር ጀምረውት ነበር።

ፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ስታዘጋጅ፣ በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ያሳደጋቸውን ሕዝብ ቋንቋና ጠባይ የሚያውቁ ስለ ነበሩ በጋዜጣም በስብሰባም ስለ አገራቸው ተከራከሩ፤ ለቀይ መስቀልና ለጦሩ እርዳታ አሰባሰቡ። ሁለቱ ስሞች የተጋጠሙበት ትልቁ አገልግሎታቸው ይህ ነበር። የከፈሉት ዋጋም ከባድ ነው። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ በተደረገው ፍጅት ሁለቱም በኢጣሊያኖች ተገደሉ። አባታቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተነጠቁትን አገር መልሰው አገኙ፤ ለዚያች አገር ሁለት ልጆች ሰጡ።

ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፣ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከሰማንያ አምስት ዓመት በላይ ሆኗቸው ዐረፉ።

ለሙያችን የሚተርፈው ቁም ነገር

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ ልጅ ሲወለድ ስም የማግኘትና የመመዝገብ መብት እንዳለው፣ ማንነቱም ተጠብቆ እንዲቆይ መንግሥታት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ተቋማት ልጆችን ከመልቀቃቸው አስቀድመው ማዘጋጀት፣ ከለቀቋቸውም በኋላ መከታተል እንዳለባቸው ያስገነዝባል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቷል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሰጡ በሕግ ተከልክሏል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። ብዙዎቹ ዛሬ ጎልማሶች ሆነው፣ እንደ ሐኪም ወርቅነህ፣ የተወለዱበትን ቦታና የወላጆቻቸውን ስም እየፈለጉ ይመጣሉ። ሲመጡ የሚያንኳኩት የእኛን በር ነው፤ የሚጠይቁትም የእኛን መዝገብ ነው።

ስለዚህ ይህ ሕይወት ለዕለት ሥራችን የሚያስተምረውን በጥቂት ቃል ማስቀመጥ ይቻላል። ልጅ ወደ ማሳደጊያ ሲገባ የሚታወቀው ሁሉ፣ ትንሽ ቢመስልም፣ በዚያው ቀን ይጻፍ። የተገኘበት ቦታ፣ ያመጣው ሰው፣ የለበሰው ልብስ፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ የሚጠራው የሰው ስም፣ በሰውነቱ ላይ ያለው ምልክት ሳይቀር ይመዝገብ። ያልታወቀው ነገር አልታወቀም ተብሎ ይጻፍ እንጂ በግምት አይሞላ። ሕፃን ሲደርስ የቤቱን ስም ይዞ ከሆነ ያ ስም ሊቀርለት ይገባል፤ አዲስ ስም ከተሰጠው የፊተኛው ከመዝገቡ አይፋቅ።

ልጁ ሲያድግ ደግሞ እውነቱ እንደ ዕድሜው መጠን ይነገረው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው በመሰናበቻው ቀን እንደ ድንገተኛ ዜና አይወርድበት። በሌሎች አገሮች ያሉ የሙያ ባልደረቦቻችን ልጁና አሳዳጊው አብረው የሚያዘጋጁት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ እንዲኖረው ያደርጋሉ። ፎቶግራፉ፣ የትውልድ ቦታው ካርታ፣ የኖረባቸው ቤቶችና የተንከባከቡት ሰዎች ስም በተራ ይገቡበታል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና የአንድ ሰው ትዕግሥት ይበቃዋል። በአገራችን ተጨማሪ ሀብትም አለን። የመንደር ሽማግሌዎች፣ የዕድር መዝገቦች፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አገልጋዮች የቤተሰብን ነገር ያውቃሉ። የሐኪም ወርቅነህ ምስጢር የተገኘው ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከአንዲት አያት ትውስታ መሆኑን መርሳት የለብንም። ሽማግሌዎች ሲያልፉ ትውስታቸውም አብሯቸው ስለሚቀበር ጠይቆ መጻፉ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

በመጨረሻም ወጣቱ ወላጆቹን ቢያገኝም ባያገኝም፣ ያሳደገውን ቤት እንዲክድ አይገፋፋ። ከማሳደጊያ የወጣ ሰው ባለውለታ ነህ እየተባለ አንገቱን ደፍቶ እንዲኖር ወይም አስተዳደጉን እንደ ነውር ደብቆ እንዲኖር ማድረግ ሁለቱም በደል ነው። ሐኪም ወርቅነህ የአሳዳጊዎቻቸውን ስም ሳያፍሩበት፣ የአባታቸውንም ሳይረሱ በሁለቱ ለአገራቸው ሠርተውበታል።

የእርሳቸው ዕድል ለሁሉ አይደርስም። ሁሉም ልጅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የምታውቀው አያት አትቆየውም፤ የሁሉም ጠባሳ አይመሰክርም። ልጅን በአደራ የተቀበለ ሰው የመጀመሪያ ግዴታ ምስክርነቱን ለዕድል ሳይተው በቀለም ጽፎ ማቆየት ነው።